ሽማግሌዎቹ የመጡባት እሁድ

ሴት ልጅ ሽማግሌ ሊመጣላት ነው ሲባል አንገቷን ደፋ ታደርጋለች ይላሉ። ሐምራዊት ማንደፍሮ አላደረገችም። ከሄግ ወላጆቿ ወደሚኖሩበት ወደ ስኪዳም በሚሄደው ባቡር ውስጥ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ፈገግታዋን ለመደበቅ እንኳ ሳትሞክር ነበር የመጣችው። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሆላንዳዊት አሮጊት ደጋግመው ሲያይዋት ቆዩና በመጨረሻ እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ደስ ቢላትም አይፈረድባትም። ከጣሰው ጋር በድብቅ መዋደድ ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። ጣሰው የሮተርዳም ወደብ ላይ በፈረቃ እየገባ መርከብ ላይ የተደረደረ ኮንቴይነር የሚያስር ሠራተኛ ነው። እሷ ሄግ ውስጥ ባለ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሕግ ባለሙያ ናት። አባቷ አቶ ማንደፍሮ ደግሞ ይህችን ልጅ የሕግ ባለሙያ ለማድረግ ዕድሜያቸውን የሰው ቢሮ ሲወለውሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «እኔ ቢሮ የጠረግሁት ልጄ ቢሮ እንድትቀመጥ ነው» ይላሉ፣ ሰው ቢጠይቃቸውም ባይጠይቃቸውም። ቀጥሎ ያለውን አይናገሩትም፤ ግን ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ቢሮ የተቀመጠች ልጅ ቱታ ለባሽ አታገባም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ተኳርፈው ነበር። ዴልፍስሃቨን በሚባለው የሮተርዳም ሰፈር፣ አሮጌው ወደብ ዳር፣ ጀልባዎቹ አጠገብ ቆመው «አባቴ ዘንድ የምትመጣው መቼ ነው?» አለችው።

«ውድድሩ ይለቅ» አላት። «ቡድኑን ላቁም። በእጄ አንድ ነገር ይኑር።»

«እኔን የምትጠይቀው በእጅህ ባለው ነገር ነው?»

ጣሰው መልስ አልሰጠም። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ሰውየው ከልቡ ያምንበታል። እሷም ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፤ እሱም አልደወለም።

«ቡድኑን ላቁም» ያለው ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ጣሰው ከሥራ ሲወጣ ዴልፍስሃቨን ጫፍ ላይ ያለውን የአንድ ኮሌጅ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በበጎ ፈቃድ ያሠለጥናል። ቡድን ከተባለ። ባለፈው ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፉም። ዘንድሮ ደግሞ ተሸናፊ ቡድን ውስጥ ማን ይግባ። አንዷ ቅዳሜ ሱፐርማርኬት ትሠራለች፤ ሌላዋ ሮተርዳም ቤት አጥታ ራቅ ያለ ከተማ ስለምትኖር ለልምምድ ስትመጣ ባቡር ያመልጣታል። ጎል ታገባ የነበረችውን ብቸኛ ልጅ፣ አምስተርዳም ያለ ሀብታም ኮሌጅ በአውቶቡስና በአዲስ ጫማ አባብሎ ወሰዳት። ጣሰው እየለመነ፣ በር እያንኳኳ፣ እንደምንም አሥር ልጆች ሰበሰበ። ግብ ጠባቂ ግን የለውም። ኮሌጁ ደግሞ እስከ ሰኞ አሥራ አንድ ተጫዋች ካልተመዘገበ ቡድኑ ይፈርሳል፣ ሜዳውም ለፓደል ይሰጣል ብሏል። ፓደል የሚሉት የራኬት ጨዋታ ዘንድሮ ሆላንድን እንደ አረም ወሯታል።

የጣሰው ዓይን ያረፈባት ግብ ጠባቂ ማን መሰለቻችሁ? የሐምራዊት ታናሽ እህት ፀጋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚያው ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ናት፣ እጇ ኳስ አይስትም። ጣሰው ሁለት ጊዜ በራሱ እግር ስኪዳም ድረስ ሄዶ አባቷን ጠይቋል። አቶ ማንደፍሮ ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ አቁመው «ቅዳሜ የጥናት ቀን ነው» ብለው መልሰውታል።

ትናንት ለሐምራዊት እናቷ ወይዘሮ የትነበርሽ ደወሉላት። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ጋሽ አብዱልአዚዝ ለአባትሽ ደውለው ነበር። ነገ ሽማግሌ ሆነን እንመጣለን አሉ። የላከን ጣሰው የሚባል ልጅ ነው አሉ።» ቀጥለውም «ኳሱ ሰበብ ነበር ለካ፣ በትንሿ በኩል ትልቋን ኖሯል የፈለገው፣ ይላል አባትሽ። አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?»

«አለ፣ እማ» አለች ሐምራዊት።

«ይሁን» አሉ እናት። «ነይ ብቻ።»

ልቧ ውስጥ የነበረው ኩርፊያ በአንድ ጊዜ ሟሟ። አፉ የማይናገር ሰው ሽማግሌ ላከ። ከዚህ በላይ ምን መልስ አለ?

*

ወይዘሮ የትነበርሽ ከሌሊት ጀምሮ ዶሮ ሲሠሩ አደሩ። ለጋሽ አብዱልአዚዝ፣ እስላም ስለሆኑ፣ ለብቻ ዓሣ አዘጋጁላቸው። አቶ ማንደፍሮ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ነበር። ለልጃቸው ሰላምታ ሲመልሱ አላዩዋትም። እምቢ ሊሉ እንደተዘጋጁ አለባበሳቸው ይናገራል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ጡረታ የወጡት የትራም ሹፌር ጋሽ አብዱልአዚዝ ከፊት፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አንድ ዝምተኛ አዛውንት ከኋላ፣ ከሁሉም ኋላ ክራቫት ያሰሩ ረጅም ሆላንዳዊ። የሆላንዳዊው ስም ሚኔር ኬስ ነው፤ ሚኔር በደችኛ አቶ እንደማለት ነው። የቡድኑን ማሊያ የሚያጥቡና ኳስ የሚነፉ እሳቸው ናቸው። ጣሰው ሦስተኛ ሽማግሌ ሲያጣ «ሽማግሌ ማለት ሽማግሌ ነው» ብሎ እሳቸውን ላካቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ማንደፍሮ።

«የለም፣ ጉዳያችንን ሳንናገርማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ አብዱልአዚዝ እንደ ደንቡ። ዝምተኛውም አጠገባቸው ቆሙ። ሚኔር ኬስ ሶፋውን አዩ፣ ጉልበታቸውን አዩ፣ ተቀመጡ። ሁለቱም ጉልበታቸው በቀዶ ጥገና የተቀየረ ነው።

«ኬስ» አሏቸው ጋሽ አብዱልአዚዝ በደችኛ፣ «በእኛ ባህል ትልቅ ነገር የሚለምን ሰው ይቆማል።»

«ለኳስ አልቆምም» አሉ ሚኔር ኬስ። ከአቶ ማንደፍሮ በስተቀር ይህን ልብ ያለው አልነበረም፤ እሳቸውም ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ተዉት።

ፀጋ በዚህ መሃል ከሱፐርማርኬት ሥራዋ እንደወጣች፣ የሥራ ሸሚዟን እንደለበሰች እያለከለከች ገባች። ሐምራዊት ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። በዚያ ሰዓት ኩሩ ነበረች፤ ከአባቷም ከእምቢታቸውም በላይ ኩሩ።

«አቶ ማንደፍሮ» አሉ ጋሽ አብዱልአዚዝ፣ «የመጣነው ልጅዎን ለመጠየቅ ነው።»

«ልጄን በስንት ልፋት አስተምሬያለሁ» አሉ አቶ ማንደፍሮ። «ይህ ጣሰው የምትሉት ሰው ምን ይዞ ነው የሚጠይቀኝ?»

«የያዘው ትጋቱን ነው። ጨዋ ልጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወስዳታል፣ ማታ በሰላም ይመልሳታል።»

«ይመልሳታል?» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ። እሳቸው እስከሚያውቁት ድረስ የተዳረች ልጅ ማታ ማታ አትመለስም።

«በሰዓቷ። ጥናቷንም አያስተጓጉልም። ፀጋ እኮ ተሰጥኦ ያላት ልጅ ናት።»

አቶ ማንደፍሮ ቀስ ብለው ወደ ሽማግሌው ተጠጉ። «ፀጋ? ትልቋ እያለች ትንሿን?»

«ፓፓ፣ ዱ ኖርማል» አለች ፀጋ፤ ረጋ በል ማለቷ ነው። «ለኪፐር፣ ለግብ ጠባቂ ነው እኮ የሚፈልገኝ። ሽማግሌ ላክ ያልኩትም እኔ ነኝ። አንተ ለሱ እምቢ ትላለህ፣ ለሽማግሌ ግን እምቢ አትልም ብዬ ነው። እንደዛ አይደለም ባህላችን?»

እዚህ አገር ያደገች ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ለትልቅ ልመና እንደሚላክ ሰምታለች። ሁለት ሴት ልጆች ያሉበት ቤት ሽማግሌ ሲላክ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ምን እንደሚያስብ ግን የነገራት የለም። ጣሰውም ቢሆን እርቁም ምልጃውም በሽማግሌ ነው ብሎ፣ ቤቱም ሁለት ጊዜ የተጠየቀውን ኳስ ያውቀዋል ብሎ ነበር የላከው። ጋሽ አብዱልአዚዝ ነገሩ ሲገባቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አቶ ማንደፍሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እኛ ለኳሱ ነው የመጣነው።»

አቶ ማንደፍሮ መሳቅም መቆጣትም አቃታቸው። ወይዘሮ የትነበርሽ ግን ሽማግሌዎቹን ትተው ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆመችውን ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

ሐምራዊት ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ለሁሉም ቀዳች፤ ለጋሽ አብዱልአዚዝ፣ ለዝምተኛው፣ ለሚኔር ኬስ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። ከዚያ «ጋሽ አብዱልአዚዝ» አለች፣ «ጣሰው ሌላ የላከው መልእክት የለም?»

«ሌላ? ሌላ ምን፣ ልጄ?»

«ምንም» አለች። ኮቷን ከመስቀያው ወሰደች። አባቷ ከበሩ እስክትወጣ ድረስ በዓይናቸው ተከተሏት። በዓመታት ውስጥ የልጃቸውን ፊት እንዲህ ሆኖ አይተውት አያውቁም። ደረጃውን ስትወርድ ነው ደረቷን የወጋት፤ ውርደት ነበር፣ ከውርደቱ ሥር ደግሞ፣ ከሁሉ የከፋው፣ ፍቅሩ ልክ እንደ ጠዋቱ አለ።

*

ጣሰው ሜዳው ላይ ብቻውን ነበር። የሩቁን ጎል መረብ እያሰረ ነው። ኮንቴይነር የሚያስር እጅ ቋጠሮውን ጠበቅ፣ ሳብ፣ ሞከር እያደረገ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስትመጣ አያትና ፊቱ በራ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ ያየችው ፊቱ ይኸው ሆነ፤ ተናደደችበት።

«ተቀበሉን?» አላት።

«እማዬ ዶሮ ሠርታልሃለች» አለች ሐምራዊት። «አባዬ ሙሉ ልብስ ለብሷል። እኔ ከሄግ መጥቻለሁ። ባቡር ውስጥ ምን ስል እንደነበር ታውቃለህ? ከሽማግሌዎቹ በኋላ ስደውልልህ መጀመሪያ የምነግርህን ቃል ስመርጥ ነበር።»

ጣሰው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ገመዱ ከእጁ ወደቀ። «ሐምሪ። ለአንቺ መሰለሽ?»

«ማን ለኳስ ሽማግሌ ይልካል፣ ጣሰው? ማን?»

«እኔ።» ድምፁ ሰልሎ ነበር። «ሰኞ ቡድኔ ይፈርሳል። ፀጋ ሽማግሌ ላክ አለችኝ። ላክሁ። ስለ አንቺ አላሰብሁም። ማለቴ፣ ስለ አንቺ ሳላስብ የማድርበት ቀን የለም፤ ግን እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም።»

«የተጫዋችህን የራቢያን እናት ስንት ጊዜ ለመንሃቸው? ልጄ ተገላልጣ አትሮጥም ሲሉህ የቡድኑን ሁሉ ማሊያ እጅጌ ረጅም አደረግህላቸው። ልምምድ ልትመጣ ባቡር ላመለጣት ልጅ ጣቢያ ድረስ ሄደህ በብስክሌት አመጣሃት። አባቴ ሁለቴ በር ላይ አቁሞ መለሰህ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ይዘህ ተመለስህ። እምቢ የማያስፈራህ ሰው ነህ። ለሁሉም ልጅ በር አንኳኳህ።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ሰበር አለ፤ አልደበቀችውም። «ለእኔ ግን ገና እምቢ ሳይሉህ ተመለስህ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።»

ጣሰው ምሰሶውን ተደገፈ። ሐምራዊት ዝምታውን ታውቀዋለች፤ ዛሬ ግን አልረዳችውም፣ ቃል አላቀበለችውም።

«ፀጋን እምቢ ቢሉኝ» አለ በመጨረሻ፣ «ሌላ ኪፐር እፈልጋለሁ። ባላገኝ ሜዳው ፓደል ይሆናል፤ አዝናለሁ፣ ከዚያ ኑሮ ይቀጥላል። አንቺን እምቢ ቢሉኝ ምን ላደርግ ነው? የማን በር ላንኳኳ? ያልተጠየቀ ነገር እምቢ አይባልም፣ ሐምሪ። ሳልጠይቅ እስከቆየሁ ድረስ የእኔ ነሽ ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሐምራዊት ቁጣዋን ፈለገችው፤ ግማሹ የለም። ቀረብ አለችና ጭቃ የነካውን እጁን ያዘችው።

«አሁን ስማኝ» አለችው። «እኔ የማንም ተጠባባቂ አይደለሁም። የተደበቀ ፍቅር እስከዛሬ በቃኝ። አባቴ እምቢ ቢልህ ሁለተኛ ትመጣለህ፣ ሦስተኛም ትመጣለህ፤ እምቢ አያስፈራህም ያልሁህ ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ በየጊዜው ከጎንህ ቆሜ እወድሃለሁ እላለሁ። አፌ የሚሠራው ለመሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎቹ አሁንም ቤት ናቸው፤ መልስ ሳያገኙ እህል አይቀምሱም። ትመጣለህ ወይስ መረብህን ታስራለህ?»

ጣሰው ጫማውን አየ፣ ቱታውን አየ። «እንዲህ ሆኜ?»

«የወደድሁህ እንዲህ ሆነህ ነው።»

ቋጠሮ ጀምሮ የማይተው ሰው ገመዱን እንደተንጠለጠለ ትቶት ተከተላት። ሐምራዊት ዞር ብላ ያንን የተንጠለጠለ ገመድ ስታይ እንባዋ መጣ።

*

ሜትሮው ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት አንዲት ሴትዮ ከማዶ ሆነው ዓይናቸውን ሲያፈጡ ጣሰው እጁን ሊያነሳ ሞከረ። ሐምራዊት አጥብቃ ያዘችውና «እንደምን ዋሉ፣ እማማ» አለች ቀድማ። «ጣሰው ይባላል።» ሴትዮዋ ከዚያ እስከ ስኪዳም የሚያወሩት ነገር አገኙ።

ቤቱ ትታው እንደሄደችው ነበር። ዶሮው አልተነካም። ሚኔር ኬስ ሶፋው ላይ ሆነው ድስቱን በናፍቆት ያያሉ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ወይዘሮ የትነበርሽ በግድ አስቀምጠዋቸዋል። ፀጋ ጥግ ላይ ጥፍሯን ትበላለች። አቶ ማንደፍሮ ክራቫታቸውን አላልተው ነበር፤ ጣሰው ሲገባ መልሰው አጠበቁት።

«ለኳስ ሦስት ሽማግሌ የላክህ ሰው» አሉ፣ «አሁን ደግሞ ብቻህን ምን ልትለምን መጣህ?»

ጣሰው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። አንዱ ካልሲው ቀዳዳ ነበረው። ሐምራዊት አይታዋለች፤ አባቷም አይተውታል።

«ጋሼ፣ ሐምራዊትን እወዳታለሁ» አለ። «የያዝሁት ነገር እስኪኖር ብዬ ቆየሁ። ጥፋቴ ነው። የያዝሁት ሁለት እጅ ነው፤ ያሰርሁት ነገር አይፈታም። በሚቀጥለው ሽማግሌ እልካለሁ። ዛሬ ግን ያለ ሽማግሌ እኔው መናገር ነበረብኝ።»

አቶ ማንደፍሮ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔም እወደዋለሁ፣ አባዬ» አለች ሐምራዊት። ድምፅዋ አልተሰበረም። «ቢሮ የጠረግህልኝ የፈለግሁትን ሰው ከነቱታው ይዤ ፊትህ መቆም እንድችል ይመስለኛል።»

ያኔ ጋሽ አብዱልአዚዝ ከወንበራቸው ተነሱ። «ሽማግሌ እልካለሁ ይላል እንዴ? እኛ መች ሄድን?» ብለው ቆሙ። ዝምተኛውም አጠገባቸው ቆሙ። ሚኔር ኬስ አንድ ቃል አልተተረጎመላቸውም። የጣሰውን ቀዳዳ ካልሲ አዩ፣ የሐምራዊትን ፊት አዩ። የሶፋውን ክንድ ጨበጡና፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ በእነዚያ በተቀየሩ ጉልበቶች ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኬስ፣ ጉልበትህ» አሏቸው ጋሽ አብዱልአዚዝ በደችኛ።

«ትልቅ ነገር ሲለመን ይቆማል ያልከኝ አንተ ነህ» አሉ ሚኔር ኬስ።

አቶ ማንደፍሮ የቆሙትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አዩ። ሚኔር ኬስ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆየ። ለኳስ አልቆምም ያሉት ትዝ ሳይላቸው አልቀረም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ትንሿን ሰኞ መዝግባት። ለጥናቷ ግን ተጠያቂው አንተ ነህ። ስለ ትልቋ ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜ። እዚያው ሜዳው ላይ፣ ከጨዋታው በኋላ። የምታሠለጥነውን ልይ።» ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞረው «ሰዎቹን አስቀምጫቸው እንጂ፣ የትነበርሽ። ዶሮው ቀዘቀዘ እኮ» አሉ።

ፀጋ እህቷን በክርኗ ነካ አድርጋ «እሺ ነው ያለው? እምቢ?» ብላ አንሾካሾከች። ሐምራዊት ፈገግ ብቻ አለች። እምቢ ሊል የቆረጠ የሐበሻ አባት ቀጠሮ እንደማይሰጥ እዚህ ላደገች ልጅ በአንድ ቃል ማስረዳት አይቻልም። ጣሰው ከማዶ ያያታል፤ ሚኔር ኬስን ክንዳቸውን ይዞ እያስቀመጠ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል። ሙሽራ ካልታዘልሁ አላምንም አለች ይባላል። ሐምራዊት ግን እናቷን ልታግዝ እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ ገና ሳትታዘል አመነች።